የጅረቷ ወፍና የእንዶዱ ቅዳሜ

ወፎቹ ተመልሰዋል። የነገሩኝ ላቪንግተን፣ አክስቴ ቤት የሚሠሩት አትክልተኛ ናቸው፣ ሰኞ ጠዋት፣ በስልክ። ምዜ ነው የምላቸው፤ እዚህ ኬንያ ትልቅ ሰው እንደዚያ ይባላል። ከዚያ በፊት ደውለው አያውቁም። ሲፈልጉኝ ወደ እማዬ ስልክ ፍላሽ አድርገው ይዘጋሉ፣ እኔ መልሼ እደውላለሁ። ያን ዕለት ግን ስልኩ አንዴ ጮሆ ዝም አላለም። ሳነሳው «ንዴጌ ዋኮ ዋሜሩዲ» አሉኝ፤ ወፎችሽ ተመልሰዋል ማለታቸው ነው። ሁለት ናቸው፣ አንደኛዋ ሣር በአፏ ይዛ ከፏፏቴው ሥር ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ ብለው ሳይጨርሱ ካርዳቸው አለቀና ተቋረጠ።

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር፣ እማዬ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ እማዬ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ነጠላ ስትመርጥ የነበረች የማላውቃት ሴትዮ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። ሴትዮዋ ወደ እማዬ ዞር ብላ፣ «ማን መጣላት?» አለች።

«ወፍ» አለች እማዬ፣ ጋቢውን ማጠፏን ሳታቋርጥ።

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ከእጄ ወጣች። ነጠላውን ግን ገዛች።

ደስታዬ ይሄው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ንዴት ነው። ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ ያልተናደድኩበት ሰው የለም፤ በመምህሬ፣ በማኅበርተኞቹ፣ በእናቴ፣ በዝናቡ ሳይቀር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በራሴ። ከዚያ ስልክ በኋላ ግን ንዴቱንም ቁጭ ብዬ ልጽፈው ቻልኩ።

ላቪንግተን ያለችው አክስቴ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ እማዬ ናይሮቢ እንደመጣች ያገኘቻት ወዳጇ ናት። ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፣ ብቻዋን ትኖራለች፣ የተከራየችው ቤት ጓሮ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ጅረት ላይ ያበቃል። የእማዬና የጓደኞቿ የማርያም ጽዋ ማኅበር በየወሩ ከቤት ወደ ቤት መዞር ነበረበት። የኢስትሊ ክፍሎቻችን ያን ሁሉ ሴት ስለማይችሉ ግን ማኅበሩ ላቪንግተን ገብቶ እዚያው ቀረ። እኔም ፈተና ስለደረሰብኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ሄጄ እንዳጠና ተፈቀደልኝ። እኛ ቤት ሥር ሲዲ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዘፈን ነው።

ለማጥናት ሄጄ ጅረት ዳር ተቀመጥኩ። ናይሮቢ ውስጥ ንጹሕ ጅረት አለ ብል የሰፈሬ ልጆች አያምኑኝም፤ የእኛ ሰፈር ወንዝ ድልድዩን ስንሻገር ትንፋሻችንን የምንይዝለት ነው። የዚህኛው ግን ጠጠሩ ይቆጠራል። በአጥሩ ሥር ሾልኮ ይገባል፣ ወገቤ ከምትደርስ ፏፏቴ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ በትልልቅ ድንጋዮች መካከል እየተጣደፈ ሃያ ርምጃ ያህል ሄዶ ቀርከሃው ውስጥ ይጠፋል። ወፏን ያየኋት ከእነዚያ ድንጋዮች በአንዱ ላይ ነው።

ጀርባዋ ግራጫ ነው፣ ሆዷ ነጭ፣ ደረቷ ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። ጭራዋ ረጅም ነው፤ አርፎም አያውቅም። ስትቆም ይነቀነቃል፣ ስትሄድ ይነቀነቃል፣ ትል ጎትታ ስትውጥ ይነቀነቃል። ውሃው ያን ሁሉ እየጮኸ የእሷ ድምፅ ግን ቀጥኖ ከላይ ይሰማል። በእንግሊዝኛ ማውንቴን ዋግቴል ትባላለች። በአማርኛ ስሟን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እማዬን ብጠይቃት «ወፍ ናታ» አለችኝ። እኔ ራሴ ጭራ ነቅናቂ ብያታለሁ።

ትምህርት ቤታችን የዱር አራዊት ክለብ አለ። ግድግዳው ላይ ተማሪዎች ከተማው ውስጥ ያዩዋቸው ወፎች ዝርዝር ተለጥፏል፤ መምህራችን ያመነበትን በእስክሪብቶ፣ ያላመነበትን በእርሳስ ይጽፋል። የእኔን በእርሳስ ጻፋት።

«ያየሽው የከተማዋን ዋግቴል ነው፤ በየጣሪያው ያለችውን፣ ጥቁርና ነጯን» አለኝ።

«ግራጫ ናት» አልኩት።

«ደመና ሲሆን ሁሉም ነገር ግራጫ ነው።»

ከአክስቴ ካሜራ ተውሼ አንድ ፊልም ሙሉ ጨረስኩ። ታጥቦ ሲመጣ በሙሉ የድንጋይ ፎቶ ነው። አንዱ ላይ፣ ጥግ ላይ፣ ጭራ የሚመስል ነገር አለ። መምህራችን አንድ በአንድ አየና «ጥሩ ድንጋዮች ናቸው» አለ። ክለቡ በሙሉ ሳቀ። አቀርቅሬ ወጣሁ። በር ላይ ደርሶብኝ፣ ወፏን ለጊዜው ተዪና ቤቷን አሳዪኝ፣ እንዲህ ያለች ወፍ የትም አትኖርም፤ ውሃው ምን ያህል ይሮጣል፣ ድንጋዩ ሥር ምን አለ፣ ዳሩ ላይ ምን በቅሏል፣ ይህን ሁሉ ጽፈሽ አምጪ አለኝ።

እልህ ያዘኝ። ቅጠል ውሃ ላይ እየጣልኩ ከአንዱ ድንጋይ ሌላው ጋ እስኪደርስ በሰዓቴ ለካሁ። ድንጋይ ገለበጥኩ። ውሃው በሚሮጥበት ቦታ ከሥሩ ትናንሽ ትሎች ተጣብቀዋል፤ አንዳንዶቹ ከአሸዋ ቅንጣት ቤት ሠርተው አንገታቸውን ብቻ ያወጣሉ። ውሃው በተኛበት ጥግ ግን ድንጋዩን ጭቃ ለብሶት ምንም የለም። ወፏም ይህን ታውቃለች፤ ጥጓ ላይ ቆማ አታውቅም፤ የምትለቅመው ከሚሮጠው ውሃ ዳር ብቻ ነው። ይህን በራሴ ሳገኘው ማንም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ አልመሰለኝም። ዳሩ ላይ የበቀለውን ሁሉ ደግሞ ሣልኩ፤ ስሙን የማላውቀውንም። ከእነሱ አንዱ እንደ ሐረግ ዛፍ ላይ የሚወጣ፣ ፍሬው እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ ተክል ነበር።

መጋቢት ሲገባ ጎጆዋን አገኘሁ። ከፏፏቴው ጎን፣ ሥሮች በተንጠለጠሉበት ቋጥኝ ሥር ባለች እርከን ላይ ነው፤ ውሃው ቢፈናጠቅ ይደርስባታል። የእጅ መስታወት እንጨት ላይ አስሬ ሽቅብ ሳሳየው ሦስት እንቁላል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝርዝሩም፣ እስክሪብቶውም፣ መምህሩም ከሐሳቤ ወጡ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሦስቱ ተፈልፍለው፣ አድገው፣ ከዚያ ቋጥኝ ሥር በርረው ሲወጡ ማየት።

ስሕተቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ማታ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ደብተሬን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ያችን ባለዘለላ ተክል ቀለም እቀባለሁ። እማዬ ከትከሻዬ በላይ አየችው።

«ይሄን የት አየሽው?»

«አክስቴ ቤት፣ ወንዙ ዳር። ስሙን ታውቂዋለሽ?»

«ስሙን ትለኛለች እንዴ። ታጥቤበት አድጌ።» ደብተሩን አንስታ ብርሃን ወዳለበት በር ወሰደችው። «እንዶድ ነው እኮ። ፍሬ ይዟል?»

«ሞልቶታል።»

«ደርቋል ወይስ ገና አረንጓዴ ነው?»

እናቴ በደብተሬ ላይ ይህን ያህል ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም። ደስ አለኝ፤ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ከሥዕሉ ሥር «እንዶድ» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ፤ ፊደሉን አሳመርኩት እንጂ ምን እየከፈትኩ እንደሆነ አላሰብኩም።

የእማዬን ነገር ለማያውቅ ልንገር። እናቴ የምትኖረው በነጭ ልብስ ነው። ነጠላ በዱቄት ሳሙና ሲታጠብ ይወይባል፣ የጥለቱ ቀለም ይለቃል፣ ደንበኛ ይዞት ይመጣና «እንዲህ ሆኖ ነው የሸጥሽልኝ» ይላታል። የቤተ ክርስቲያኑን መጋረጃና የካህናቱን ልብስ ለፋሲካ አጥቦ የሚያደርሰውም የእሷ ማኅበር ነው፤ በየዓመቱም ሲያጥቡ፣ በእንዶድ ቢሆን ኖሮ፣ በእንዶድ ቢሆን ኖሮ፣ ሲሉ ነው የሚውሉት።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ትምህርት ቤት ፈተና ነበረኝ። ከዚያ በፊት ባለው ማክሰኞ ምዜ ፍላሽ አድርገው፣ መልሼ ብደውል «ተፈልፍለዋል» ብለውኛል። ፈተናውን እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም፤ ስድስት ሰዓት ላይ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ጫጩቶቹን የማየው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በሩን የከፈቱልኝ ምዜ ፊታቸው ልክ አልነበረም። «እናቶች ሁሉ ወንዝ ወርደዋል። ጓሮው ሶኮ ሆኗል» አሉ። ሶኮ ገበያ ነው። ዝናቡ በዚያ ዓመት ዘግይቶ ስለነበር ፀሐዩ ያቃጥላል። ሣሩ በሙሉ በነጭ ልብስ ተሸፍኗል፤ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ከታች የሳቅ ድምፅ ይመጣል።

ስወርድ ያየሁትን ልጻፍ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃ ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱ እንዶድ በድንጋይ ይወቅጣሉ፤ የቀሩት ይዘፈዝፋሉ፣ ያሻሉ፣ ያለቀልቃሉ። ውሃው ለመዘፍዘፊያ እንዲጠራቀምላቸው ድንጋዮቹን አንከባለው ከታች ገድበውታል። የሚሮጠው ውሃዬ ተኝቷል። ላዩ አረፋ ነው። እማዬ ጉልበቷ ድረስ ገብታ መጋረጃ ትጨምቃለች፤ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ኢስትሊ አይቼው አላውቅም። እስከ ዛሬ ድረስ የሚያናድደኝ አንዱ ይህ ነው፤ ያን ያህል ደስ ባይላት ኖሮ መቆጣት ይቀለኝ ነበር።

«የወፏ ልጅ መጣች» አለች አንደኛዋ ማኅበርተኛ፣ ባለትልቅ ድምጿ። «ነይ፣ ነይ፣ ያገኘሽልንን እንዶድ እይው።»

«ድንጋዮቹን ለምን አነሣችኋቸው?» አልኩ።

«ታዲያ በምን እንገድበው፣ በትራስ?»

ሁሉም ሳቁ። ወፏን ያኔ ነው ያየኋት። ማዶ አጥሩ ላይ ቆማለች፣ አፏ ውስጥ ክንፋም ነፍሳት ይዛለች፣ ትጮኻለች፣ ግን ወደ ጎጆዋ አትገባም። ከጎጆዋ በሁለት ርምጃ ላይ ሰው ቆሟል።

«እማዬ፣ ጎጆ አለ። ጫጩቶች አሉ። እባክሽ ትንሽ ጊዜ ወጣ በሉ።»

እማዬ ቀና ብላ ዛፎቹን አየች። «የት?»

«ዛፍ ላይ አይደለም። እዚያ፣ ድንጋዩ ሥር።»

«ጎጆ ድንጋይ ሥር?» አለች ባለድምጿ። «ይቺ ወፍም ናይሮቢ ላይ ቤት ተወዶባታል። ትጠብቅ እንጂ፣ እኛስ ማታቱ ስንጠብቅ አይደል የምንውለው።»

አልወጡም። እኔም አልተረጋጋሁም። አክስቴ ከላይ ሻይ ይዛ ስትመጣ እሷን ለመንኳት። አንዴ እኔን አንዴ እነሱን አየችና «እንግዶቼን ከወንዝ ውጡ እንዴት ልበላቸው? አሁን ይጨርሳሉ» አለች። የጨረሱት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው።

ማምሻው ላይ ምዜ በእጃቸው ጠሩኝ። ከግድቡ በታች፣ ቀርከሃው ጋ፣ ጣት የማያህሉ ዓሦች በጎናቸው ተኝተዋል። ገና እግር ያላወጡ የእንቁራሪት ልጆችም ተንሳፍፈዋል። ቀንድ አውጣዎቹ ከድንጋዩ ለቀው ታች ተከማችተዋል። እማዬን ጎትቼ አመጣኋት።

«ሙቀት ነው» አለች።

«እንዶዱ ነው።»

«ዓሣ የሚያሰክረው ብርብራ ነው። እንዶድ ልብስ ያጠራል እንጂ ነፍስ አይነካም። እኛ በዚህ ስንታጠብ አይደል የኖርነው?»

«ገደላችኋቸው» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሴቶቹ ከላይ ሆነው ሰሙ።

ማታቱ ውስጥ እማዬ የታጠበውን መጋረጃ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። የመቀመጫ ቀበቶ ሕግ ከወጣ ወዲህ ተሳፋሪው ሁሉ ቀበቶ ማሰር አለበት፤ እሷ ልብሱ እንዳይጨማደድ ቀበቶውን ከሥሩ ታሾልካለች፣ እኔ መስኮት አያለሁ። መሃል መንገድ ላይ፣ «በሰው ፊት አሳፈርሽኝ» አለች። «ለአምላክ ቤት ነው የታጠበው። ገደላችሁ ትይናለሽ?»

«ገድላችኋላ።»

የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነበር፤ እንዶዱን ያገኘሁላቸው እኔ መሆኔ። እሱን ግን ለእሷ አልነገርኳት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የፋሲካ ዋዜማ ስለነበር መሄድ አልቻልኩም። ምዜም ለበዓሉ አገራቸው ገብተው ነበር። በመካከል ዝናቡ መጣ፤ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ አይጣል ነው። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ስደርስ ጅረቱ ቡና መስሎ ግድቡን ዘሎ ይሄዳል። መስታወቴን ሽቅብ አደረግኩ። ጎጆው አለ፤ ባዶ ነው። ላባ የለም፣ ሬሳ የለም፣ ምንም የለም። ወፎቹም የሉም። በርረው ይሁን፣ በረሃብ ይሁን፣ ውሃ ወስዷቸው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀኑን ስቆጥር ለመብረር ገና ነበሩ፤ ግን ልክ የተፈለፈሉበትን ቀን ስለማላውቅ እሱንም መማል አልችልም።

ደብተሬ ላይ «አላውቅም» ብዬ ጽፌ ለመምህራችን ሰጠሁት። እኔ እንዲናደድልኝ ነበር የፈለግኩት። እሱ «አላውቅም ብሎ መጻፍ ጥሩ ነው» አለኝ። ይባስ ብሎ ደግሞ ጥያቄ አመጣ። እንዶድ ዓሣና ቀንድ አውጣ ላይ ይከፋል፣ ነፍሳት ላይ ግን ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ታዲያ ወፎቹን ያባረራቸው ፍሬው ነው፣ የተነሡት ድንጋዮች ናቸው፣ ወይስ ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲስቁ የዋሉት ሴቶች? እኔ አንድ ጥፋተኛ ነበር የምፈልገው፤ እሱ ሦስት ሰጠኝ። ስሟ ዝርዝሩ ላይ በእርሳስ እንደሆነ ቀረ።

ምን ላድርግ? ድንጋዮቹን መመለስ ጀመርኩ። ከምዜ ጋር ዝናቡ ሲያባራ ገብተን አንድ አንዱን እናንከባልላለን። ብዙዎቹ የት እንደነበሩ ደብተሬ ላይ ተሥሏል፤ ያ የተሳቀበት የድንጋይ ፎቶም ለዚህ ጠቀመ። ምዜ ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አድርገው፣ ይሄኛው ወደ ግራ፣ ይሄኛው በጀርባው፣ እያሉ ያዝዙኛል። ሰኔ ላይ ውሃው እንደገና መሮጥ ጀመረ። ድንጋይ ስገለብጥ ከሥሩ አንድ ሁለት ትል አገኘሁ። ወፍ ግን የለም።

እማዬን ለማሳመን ደግሞ ሌላ መንገድ ፈለግኩ። የቀረውን እንዶድ ሱቁ ጣሪያ ላይ አድርቃ በከረጢት አስቀምጣው ነበር። ከጅረቱ ያመጣኋቸውን ቀንድ አውጣዎች በሁለት የማርማላታ ጠርሙስ ከፋፍዬ፣ በአንዱ ውሃ ውስጥ ቁንጥር እንዶድ ጨምሬ፣ ሁለቱንም መደርደሪያው ላይ፣ ነጠላዎቹ አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

«ሱቄ ውስጥ ቀንድ አውጣ?» አለች ጠዋት ስትከፍት።

«ለትምህርት ቤት ነው። እንዳትነኪያቸው።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንዶዱ ያለበት ጠርሙስ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተደፍቷል። ሌላኛው ቦታው ላይ ነው፤ በሕይወት ያሉት ላይ እማዬ ሱኩማ የሚሉትን የኬንያ ጎመን ቅጠል ጣል አድርጋላቸዋለች። ለደንበኛ ቀሚስ ስትለካ ቆየች።

በሚቀጥለው የማኅበር ቀን ዳቦው ተቆርሶ ሴቶቹ ወግ ሲጀምሩ እማዬ ድንገት፣ «ለፍልሰታ ስናጥብ ወንዝ አንወርድም። እዚሁ ላይ፣ ቧንቧው ጋ፣ በሳፋ እናጥባለን። እጣቢውም ወደ ወንዙ ሳይሆን ሽቅብ፣ ሣሩ ላይ ይደፋል» አለች።

«እንዶዱንስ ልንተው ነው?» አለች አንዷ።

«እንዶዱን አልተውም። ውሃው ግን ይቅርብን።»

ባለድምጿ ሴትዮ እኔን በዓይኗ ፈለገችኝ። «ወፏ ማኅበርተኛ ሆናለች በይን። ተራዋ መቼ ነው?»

«እስካሁን በማን ጓሮ ስንሰበሰብ የኖርን መሰለሽ?» አለች እማዬ።

ባለድምጿ ራሷ ቀድማ ሳቀች። ነሐሴ ላይ ሳፋዎቹ ሣሩ ላይ ተደረደሩ፤ ውሃ ከቧንቧ መቅዳቱ ወገብ ይቆርጣል፣ ሁሉም አጉረመረመ፣ እማዬም ጭምር። ወንዝ ውስጥ የነበረው ፊቷ አልተመለሰም። ይህን ሳይ አዘንኩ። እኔ ያልኩት ስለሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ከሁለታችን አንዳችን ሁልጊዜ የምናጣው ነገር ያለ መሰለኝ።

ወፎቹ ግን አልመጡም። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። ቅዳሜ ማታ ቤት ስገባ እማዬ ሳትቀር «መጡ?» ትለኛለች። እሱ ደግሞ ይብስ ያናድደኝ ጀመር። በፊት ማንም ግድ አልነበረውም፣ ብቻዬን ነበር የማዝነው፤ አሁን ግን አልመጡም እያልኩ በየሳምንቱ መናገር አለብኝ። ኅዳር ላይ ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁት። አክስቴ ቤት ስሄድ የእውነት ማጥናት ጀመርኩ፤ ቤት ውስጥ፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ። ከዚያ ነው ያ ሰኞ የመጣው።

ቅዳሜ ዕለት ሄጄ አየኋቸው። የድሮዎቹ ይሁኑ ሌሎች፣ ምዜ እነሱ ናቸው ይላሉ፣ እኔ ግን አላውቅም ብያለሁ። ያሉት ግን ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ ሣር ታመላልሳለች፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጎጆው በዚያው እርከን ላይ ግማሽ ደርሷል። እማዬም አብራኝ መጥታ ነበር፤ ሱቋን በቅዳሜ ዘግታ። ዛፉ ሥር ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች፣ ረጅም ሰዓት አየቻቸው፣ ከዚያ «ጭራዋ አይደክማትም?» አለችኝ። እንደማይደክማት ነገርኳት።

ጫጩቶቹ ገና ናቸው። እስኪበርሩ ልቤ አያርፍም፤ ዝናብ አለ፣ ድመት አለ፣ ከላይ ካሉት ቤቶች ምን እንደሚደፋም አላውቅም። ከእኛ በኩል ግን የሚደፋ የለም።

ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ ማኅበሩ ልብስ ያጥባል። አክስቴ ጻፊና ሰው ይምጣ በይ ስላለችኝ እነሆ፤ የወየበ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቀሚስ ያላችሁ ሁሉ፣ ከሳውዝ ሲ ሰፈርም ከኢስትሊም፣ ሳፋ ይዛችሁ ኑ። እንዶዱ ከእማዬ ነው። ቤቱን የማታውቁ ሱቋ ጎራ ብላችሁ ጠይቋት፣ ትነግራችኋለች። ወንዙን ማየት የሚፈልግ ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ከእኔ ጋር ይወርዳል፤ ከትልቁ ዛፍ አናልፍም፣ ድንጋይ አንነካም፣ ቁጭ ብለን ዝም እንላለን፤ እሷ ትመጣለች። ቢዘንብም ኑ፤ ልብሱ ለሌላ ቀን ይቆያል፣ ወፏ ግን በዝናብም ሥራ ላይ ናት።